በማስረጃ የተደገፈ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ምንድን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚጠይቀው «እጁ ይመለስለታል ወይ?» ብሎ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይህንኑ ጥያቄ ይዞ አንድ እርምጃ ይጨምርበታል፦ እጁ ተመልሶ ምን እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው? እንጀራ ቆርሶ መጉረስ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ፊት መታጠብ፣ ሱቁን ከፍቶ ዕቃ መመዘን ወይስ የልጅ ልጁን ማቀፍ? ሙያው የሚያተኩረው ሰው በየዕለቱ በሚሠራውና ሕይወቴ በሚለው ነገር ላይ ነው። በአሜሪካ በማኅበር የተደራጀው በ1917 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአገራችን ግን ገና ለጋ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። እኔ ይህን ለጋነት እንደ ዕድል አየዋለሁ። ሌሎች ለአሥርተ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረው በጥናት ፈትሸው የተዉትን ልማድ እኛ እንደ አዲስ የምንለምድበት ምክንያት የለም።

ለአንድ የተዳከመ እጅ ቴራፒስቱ ሊመርጣቸው የሚችላቸው ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ማሳሳብ (ጡንቻውን ስቦ መለጠጥ)፣ ሌሊት በመደገፊያ ማሰር፣ አንዱን ተግባር ደጋግሞ ማለማመድ፣ የደህናውን እጅ ምስል በመስታወት እያሳዩ ማሠልጠን፣ ወይም ደህናው እጅ ብቻውን ሥራውን እንዲወጣ ማስተማር ይችላል። አንዱን ሲመርጥ ታዲያ በምን ላይ ተመርኩዞ ነው? መምህሩ ስላስተማረው ይሆናል፤ ባለፈው ታካሚ ላይ የሠራ ስለመሰለው ይሆናል፤ በክፍሉ ያለው መሣሪያ እርሱ ብቻ ስለሆነም ይሆናል። ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በ1996 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ፣ በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና ማለት በወቅቱ ያለውን የተሻለ የጥናት ማስረጃ አስተውሎ ከባለሙያው የካበተ ችሎታ ጋር ማዋሐድ መሆኑን አስረዱ። የታካሚው ምርጫና የኑሮ ሁኔታም የዚያው አካል ነው። ጥናቱ፣ ባለሙያውና ታካሚው እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከተነሣ ድስቱ አይቀመጥም።

ሐሳቡ በአፍ ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። ክብደቱ የሚታወቀው የሚወዱትን ልማድ ሲነካ ነው። የሌሊት መደገፊያን እንውሰድ። ከስትሮክ በኋላ የተዳከመ እጅ እየታጠፈ ሊደርቅ ይችላል፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ከዚህ በመነሣት «ሌሊቱን ሙሉ የእጁን አንጓ ቀጥ አድርገን ብናስረው ጡንቻው አያጥርም» የሚለው ምክንያት የሰማውን ሁሉ ያሳምናል፤ በብዙ አገሮችም የተለመደ አሠራር ሆኖ ቆይቷል። በአውስትራሊያ ናታሻ ላኒንና ባልደረቦቿ ይህን ፈተሹት። ስትሮክ ከመታቸው ብዙም ያልቆዩ 63 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ቡድን መደቡ፤ አንደኛው ቡድን አንጓውን በመካከለኛ አቋም የሚይዝ መደገፊያ፣ ሁለተኛው አንጓውን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚይዝ መደገፊያ ለ4 ሳምንት ሌሊት ሌሊት እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አደረገ፤ ሦስተኛው ምንም አላደረገም። በ2007 የታተመው ውጤት መደገፊያው የአንጓውን መድረቅ አለመከላከሉን አሳየ። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ተቋም ማሳሳብን በሚመለከት 49 ጥናቶችንና በውስጣቸው የነበሩ 2,135 ሰዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ከ7 ወር ላነሰ ጊዜ የሚደረግ ማሳሳብ በመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ላይ ለታካሚው ትርጉም ያለው ለውጥ አያመጣም ሲል ደመደመ።

ይህ ማለት መደገፊያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የተቃጠለ እጅ፣ የተሰፋ ጅማት፣ የተሰበረ አጥንት የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ የላኒን ጥናት ስለእነርሱ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስትሮክ ለመታው ሰው ሁሉ በልማድ ስለሚታዘዘው የሌሊት መደገፊያ ነው። እርሱን ለመሥራት የሚጠፋው ሰዓት፣ ቤተሰቡ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ታካሚው የሚያጣው እንቅልፍ፣ ሁሉም ለሌላ ነገር ሊውሉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ የማይጠቅምን ነገር መተው በዚህ አሠራር ውስጥ አዲስ ነገር ከመጨመር እኩል ዋጋ አለው። እንደ እኔ እምነት ከሁሉም ከባዱ ክፍል ይኸው ነው።

ያ ሰዓት ለምን ይዋል? ኤድዋርድ ታውብ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እንስሳው ስሜቱን ባጣ እጁ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ሙከራውን ፈጽሞ እንደሚተው፣ እጁ ሊሠራ በሚችልበት ጊዜም ሳይጠቀምበት እንደሚቀር አስተዋለ። ደህናው እጅ ሲታሰር ግን የተተወው እጅ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከዚህ የተነሣው ሕክምና ለሰው ሲውል ደህናው እጅ ወፍራም ጓንት ይደረግለትና የተጎዳው እጅ በብዛት እንዲሠራ ይደረጋል። በአሜሪካ የተካሄደውና በ2006 የታተመው ኤክሳይት የተባለ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች አሳተፈ። በሕክምናው ቡድን የተመደቡት ለ2 ሳምንት ከነቁበት ጊዜ 90 በመቶውን ጓንቱን አጥልቀው እንዲቆዩ ግብ ተሰጣቸው፤ በሥራ ቀናት እስከ 6 ሰዓት የሚደርስ ልምምድም ነበራቸው። የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ይልቅ እጃቸው ተሻሻለ፤ ልዩነቱ ከዓመት በኋላም ታየ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ጓንት መግዛት ስሕተት ነው። ወደ ጥናቱ የገቡት ሰዎች አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል ማንሣት የሚችሉ ነበሩ። እጁ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ሰው በዚያ ጥናት ውስጥ ስላልነበረ ውጤቱን ለእርሱ ቃል መግባት አይቻልም። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በ2009 የታተመ ቬክተርስ የተባለ ሌላ ጥናት 52 ሰዎችን ስትሮክ ከመታቸው 10 ቀን ገደማ ላይ ወስዶ ሦስት ዓይነት ሕክምና ሰጣቸው። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ90ኛው ቀን ከሌሎቹ ያነሰ መሻሻል አሳዩ። ከወራት በኋላ ሲሰጥ የጠቀመው ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት ሲሰጥ ወደ ኋላ ጎተተ ማለት ነው። «ጥናት ይህ ሕክምና ይሠራል ብሏል» የሚል ባለሙያ ለማን፣ መቼና ምን ያህል የሚለውን ካልጨመረ ገና ምንም አልተናገረም።

አሁን ይህን ማስረጃ ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤት እናስገባው። ግራ ጎናቸው የደከመ አባት ቀኝ እጃቸውን በጓንት ሸፍነው በግራ እጃቸው ከቤተሰቡ ገበታ ይቁረሱ ማለት ነውር የሆነን ነገር በሕክምና ስም ማዘዝ ነው። እንግዳ ሲመጣ በግራ ይጨብጡ፣ በግራ ያማትቡ ማለትም እንዲሁ። በዋናው ሕክምና ውስጥም ቢሆን ጓንቱ መቼ እንደሚወልቅ ታካሚውና ቴራፒስቱ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ስለዚህ ገበታው፣ ሰላምታውና ጸሎቱ ከስምምነቱ ይወጣሉ፤ ሌላው ሰዓት ደግሞ ምስር በመልቀም፣ ፎጣ በመጭመቅ፣ በር በመክፈት ይሞላል። የደከመው ቀኝ እጅ ሲሆን ደግሞ ፈተናው ከፍቅር ይመጣል። ሚስት ታጎርሳለች፣ ልጅ ያለብሳል፣ የልጅ ልጅ ውኃ ያቀብላል፤ እጁም ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ይውላል። ታውብ ያስተዋለው የመተው ልማድ በእንክብካቤ መካከል ይጠነክራል። ቴራፒስቱ ይህን ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንድ ጉርሻ ለፍቅር ይበቃል፤ የቀረውን ምግብ አባት እያፈሰሱም ቢሆን፣ ጊዜ ቢወስድባቸውም ራሳቸው ይጉረሱ።

የቤተሰብ እጅ ግን እንቅፋት ብቻ አይደለም። በጀርመን የተካሄደና በ2015 የታተመ ሆምሲኤምቲ የተባለ ጥናት 156 ሰዎችን አሳትፎ፣ ለአንዱ ቡድን ልምምዱን በቤት ውስጥ የቤተሰብ አባል ወይም ወዳጅ እንዲመራው አደረገ፤ ቴራፒስቱ በየጊዜው እየመጣ ያሳይና ይከታተል ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በቤት የተለማመዱት በዕለታዊ ኑሯቸው እጃቸውን የተሻለ መጠቀማቸውን ተናገሩ፤ በእንቅስቃሴ ፈተናው ግን ከሌላው ቡድን የተለየ ውጤት አላመጡም። ታካሚው ከገጠር ለአንድ ቀጠሮ ሙሉ ቀን ተጉዞ በሚመጣበት አገር ይህ ጥናት ከኤክሳይት ይልቅ ቅርብ ነው። በየቀኑ የ6 ሰዓት ሕክምና የሚሰጥ ክፍል የለንም፤ ሰው የተሰበሰበበት ቤት ግን አለን።

እንዲህ ያለውን ጥናት ማን ፈልጎ ያገኘዋል? መነሻው በደንብ የተቀረጸ ጥያቄ ነው። «ለስትሮክ ምን ይሻላል?» ብሎ የሚፈልግ በሺህ በሚቆጠር ወረቀት ይዋጣል። «ስትሮክ ከመታው 4 ወር ለሆነው፣ ጣቱን ጥቂት ለሚያነሣ ሰው፣ ከማሳሳብ ይልቅ የቤት ልምምድ በራስ የመመገብ ችሎታውን ያሻሽላል ወይ?» ብሎ የሚፈልግ ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። የኮክሬን ግምገማዎች አጠር ብለው በቀላል ቋንቋ የተጻፉ ማጠቃለያዎች አሏቸው፤ ማንም ያለ ክፍያ ያነብባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ ደግሞ አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ይከፍታል፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም ተጠቃሚ ናቸው።

ጥናቱ ከተገኘና ከተሠራበት በኋላ የሚመጣው መለካት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው። በብዙ ሰዎች ላይ የሠራ ነገር በዚህ ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል። በ1991 የወጣው የካናዳ የተግባር አፈጻጸም መለኪያ ለዚህ ይመቻል። ታካሚው ራሱ የቸገሩትን ተግባሮች ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ አሁን ምን ያህል እንደሚሠራውና በአሠራሩ ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይጠየቃል። የ2 ነጥብና ከዚያ በላይ ለውጥ በተለምዶ ትርጉም ያለው መሻሻል ተብሎ ይወሰዳል። ነጥቡ ካልተነሣ ዘዴው ይለወጣል፤ ዘዴው ምንም ያህል በታዋቂ መጽሔት የተመሰከረለት ቢሆን።

አንድ የሚምታታ ነገር ይቀራል። «ማስረጃ የለውም» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፦ ተጠንቶ አለመጥቀሙ ታወቀ፣ ወይም ማንም አላጠናውም። የሌሊት መደገፊያው የመጀመሪያው ነው። ቡና አፍልቶ ለጎረቤት ማቅረብን እንደ እጅ ልምምድ መጠቀም ግን እኔ እስከማውቀው የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ረከቦቱን ማንሣት፣ ጀበናውን ማዘንበል፣ ሲኒ ማቀበል ለታካሚዋ ትርጉም ያለው ተግባር ተደጋግሞ መሠራቱ ሲሆን፣ ተግባርን ደጋግሞ መለማመድ ከስትሮክ በኋላ እንደሚጠቅም ደግሞ ጥናቶች ያሳያሉ። ቴራፒስቷ ይህን ስትመርጥ የምታውቀውንና የምትገምተውን ለይታ ለታካሚዋ ትናገራለች፣ የፈላ ውኃው እንዳያቃጥላት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ታስሞክራታለች፣ ነጥቡንም ትመዘግባለች። ቤተሰብም በበኩሉ ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፦ ይህ ዘዴ እንደ እናታችን ባሉ ሰዎች ላይ ተሞክሯል ወይ? በቀን ምን ያህል ይሠራ? ካልሠራስ መቼ እናቆማለን?