«አባቴ መምህር ናቸው» ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ «ማይ ፋዘር አር ኤ ቲቸር» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለምን «አር» አልክ ሲባል መልሱ ያው ነው፦ «ታዲያ አባቴን አንተ ልበለው?» ቤተሰብም «ለትልቅ ሰው አር እና ዜር ነው የሚባለው» እያለ ያጸናበታል። ይህን አባባል መስማት በእውነት ይሰለቻል፤ ልጁ ላይ ግን መቆጣት አይገባም። እንዲህ የሚሳሳተው አማርኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አንቱታ የገባው ልጅ ነው። ያልተነገረው ነገር ቢኖር «ናቸው» የምትለው ቃል ሁለት ሥራ እንደምትሠራ ነው።

«ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው» ስንል «ናቸው» ብዛትን ትናገራለች። «አባቴ መምህር ናቸው» ስንል ደግሞ ሰውዬው አንድ ናቸው፤ ቃሏ የምትናገረው አክብሮትን ነው። በባለቤትነት ላይም እንዲሁ ነው። «ቤታቸው» የብዙ ሰዎች ቤት ሊሆን ይችላል፣ የአንድ አንቱ የሚባሉ ሰው ቤትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ይህን ሁለተኛ ሥራ ለ«አር» እና ለ«ዜር» አልሰጣቸውም።

ጉዳቱ የሰዋስው ነጥብ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ትርጉም ይለወጣል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ለውጭ አገር እንግዳ የሚያስጎበኝ ወጣት «አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን እዚህ አሠሩ» የሚለውን ይዞ «ዜር ፓላስ» ቢል፣ እንግዳው ሌሎች ሰዎችን መፈለግ ይጀምራል። ከንጉሡ ጋር እነማን ነበሩ? ወንድማማቾች ናቸው? ትክክለኛው «ሂዝ ፓላስ» ነው። ንጉሥን «ሂዝ» ማለት ድፍረት የሚመስለው ካለ «ግርማዊነታቸው» በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ያስታውስ፦ «ሂዝ ማጀስቲ»። ከኋላው የሚመጣው ግስም «ኢዝ» ነው። ዘውድ የጫነ ሰው «ሂዝ» ከተባለ አባት «ሂዝ» ቢባሉ የሚጎድልባቸው ክብር የለም። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ከስም በፊት በሚመጣ ማዕረግ ነው፦ ሚስተር፣ ዶክተር፣ ፕሮፌሰር።

ስለዚህ ሰውን ቁጠሩ። አንድ ወንድ ከሆነ ሂ፣ ኢዝ፣ ሂዝ፤ አንዲት ሴት ከሆነች ሺ፣ ኢዝ፣ ኸር፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዜይ፣ አር፣ ዜር። «ዜር» ለአንድ ሰው የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ቦርሳ ረስቶ የሄደው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ። ያ ግን አንቱታ አይደለም።

«ታዲያ ዩ ለአንድ ሰው ሲሆን ለምን አር ይከተለዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። «ዩ» ድሮ የብዙዎች መጠሪያ ነበር፤ ለአንድ ሰው ደግሞ «ዛው» የሚባል ሌላ ቃል ነበር። ከጊዜ በኋላ «ዩ» ለተከበረ ሰው መጠሪያ ሆነ፣ ቀጥሎም «ዛው»ን ከዕለት ንግግር አስወጥቶ የሁሉም ሆነ። «አር» አብራው የቀረችው ከዚያ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፦ ሁሉም «ዩ»፣ ንብረታቸውም «ዩር»።

ሌላው ሁለት ሥራ ያለው ቅጥያ «በርጩማው» ላይ ያለችው «ው» ናት። «በርጩማው ተሰበረ» ሲባል የምናውቀው በርጩማ ነው ወይስ የእሱ በርጩማ? አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቅጥያ ይጠቀማል፣ እኛም ከወሬው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፦ «ዘ ስቱል» የታወቀው፣ «ሂዝ ስቱል» የእሱ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በስም መጥራት ካልቻላችሁ «ሂዝ» አትበሉ። ሁለቱን ደርቦ «ዘ ሂዝ ስቱል» ማለትም አይቻልም፤ አንዱ ቦታውን ከያዘ ሌላው አይገባም።

ዕቃና ሕንፃ ንብረት ሲኖራቸው «ኢትስ» ነው። ያው አስጎብኚ የቤተ መንግሥቱን በረንዳ «ሂዝ ባልከኒ» ካለ በረንዳው የንጉሡ ሆነ፤ «ኢትስ ባልከኒ» ካለ የሕንፃው ሆነ። አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው «የባለቤትነት ስለሆነ አፖስትሮፍ (ከፊደል ጎን ከፍ ብላ የምትጻፈው ’ ምልክት) ይፈልጋል» ይላል። አይፈልግም። አፖስትሮፍ ባለቤትነትን የምታሳየው ስም ላይ ነው። ተውላጠ ስሞቹ ሂዝ፣ ኸርስ፣ ዩርስ፣ አወርስ፣ ዜርስ አንዳቸውም የላቸውም፣ «ኢትስ»ም እንደ እነሱ ነው። አፖስትሮፍ ያለበት «ኢትስ» የ«ኢት ኢዝ» ወይም የ«ኢት ሃዝ» አጭር ቅርጽ ነው። ስትጽፉ ዘርዝራችሁ አንብቡት፦ «ዘ ፓላስ ኤንድ ኢት ኢዝ ባልከኒ» ትርጉም አይሰጥም፣ ስለዚህ ምልክቷን አውጡ።

«ሂዝ ለወንድም፣ ኸር ለእህት» የሚባለው ደግሞ ፈጽሞ ስህተት ነው፤ «ወንድሟ» ውስጥ ያለችው «ዋ» ባለቤቷን እንጂ ወንድሙን እንደማትከተል ሁሉ «ኸር ብራዘር»ም እንዲሁ ነው።

«ማይ እና ማይን አንድ ናቸው» የሚለው ከአማርኛ የመጣ ነው። «የእኔ በርጩማ» እና «በርጩማው የእኔ ነው» ስንል «የእኔ» አልተለወጠም። ጅማ ላይ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ተማሪ ግን ልዩነቱን ከቤቱ ይዞት ይመጣል፦ «ቡና ኮ» ቡናዬ ነው፣ «ካን ኮ» ግን የእኔ ነው ብሎ ብቻውን ይቆማል። «ማይን» ማለት «ካን ኮ» ነው ሲባል ወዲያው ይገባዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ከኋላ ስም ካለ ማይ፣ ዩር፣ ኸር፣ አወር፣ ዜር፤ ስም ከሌለ ማይን፣ ዩርስ፣ ኸርስ፣ አወርስ፣ ዜርስ። «ሂዝ» በሁለቱም ቦታ አይለወጥም። «ዚስ ስቱል ኢዝ ማይ» ብሎ ዝም ያለ ሰው አድማጩን «ማይ ምን?» እያሰኘ ያቆመዋል። ከጓደኞቼ አንዱ ለማለትም «ኤ ፍሬንድ ኦቭ ማይን» ነው፣ «ኦቭ ማይ» አይባልም።

እዚሁ ላይ «ማይን የአንድ ሰው ስለሆነ ኢዝ፣ አወርስ የብዙ ሰው ስለሆነ አር» የሚሉ አሉ። ግሱ ባለቤቱን አይቆጥርም፣ ንብረቱን ነው የሚቆጥረው። ሦስት በርጩማዎች ካሉኝ «ማይን አር ብራውን»፤ እኔና ወንድሜ አንድ ቤት ካለን «አወርስ ኢዝ ብሉ»።

አሁን ወደ ግሶቹ። «ከግስ በኋላ ሁልጊዜ ተውሳከ ግስ ይመጣል» የሚለው ሕግ ተማሪውን «ዘ ኮፊ ስሜልስ ስዊትሊ» ያሰኘዋል። ስሜል፣ ቴስት፣ ሉክ፣ ፊል፣ ሳውንድ፣ ሲም፣ ቢከም እንደ «ኢዝ» አያያዥ ሆነው ሲሠሩ ከኋላቸው የሚመጣው ቅጽል ነው፤ ምክንያቱም የሚገለጸው ቡናው እንጂ ማሽተቱ አይደለም። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ግሱን አንሱና «ኢዝ» ተኩበት። «ዘ ኮፊ ኢዝ ስዊት» ቆመ፣ ስለዚህ «ስሜልስ ስዊት»። ቡና ቀማሹ በጥንቃቄ ሲቀምስ ግን «ሂ ቴስትስ ዘ ኮፊ ኬርፉሊ» ነው፤ «ሂ ኢዝ ዘ ኮፊ» ብትሉ ሰውየው ቡና ይሆናል። እዚህ «ቴስት» የሰውየው ሥራ ነው፣ ተውሳከ ግስም ቦታው ነው። «አይ ፊል ዌል» ትክክል መሆኑ ደግሞ ሕጉን አያፈርሰውም፤ «ዌል» ጤነኛ ማለት ሲሆን ራሱ ቅጽል ነው።

የመጨረሻው ስህተት ተማሪ «ኢዝ ማለት ‹ነው› ማለት ነው» ብሎ ሲይዝ የሚመጣ ነው። «ርቦኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «በርዶኛል» ውስጥ «ነው» የለም፤ ስለዚህ «አይ ሀንግሪ» ይላል። እንግሊዝኛ ይህን አንድ ቃል ለሦስት ይከፍለዋል፦ አይ፣ አም፣ ሀንግሪ። ይህ ሲታረምበት ደግሞ ከ«አይ» በኋላ ሁልጊዜ «አም» መስሎት «አይ አም አግሪ» ይላል። «አግሪ» ግን እንደ «እስማማለሁ» ራሱ ግስ ነው። ጥርጣሬ ሲገባችሁ አፍራሹን ሞክሩ፦ «አይ ዶንት አግሪ» ይባላል፣ ስለዚህ «አም» አይገባበትም፤ «አይ አም ኖት ሀንግሪ» ይባላል፣ ስለዚህ «አም» የግድ ነው።