ሴራ፣ መቼትና ዘይቤ፦ ልቦለድን ከውስጥ ማየት

ታሪክ ያለ ጥቂት ነገሮች አይሆንም። ድርጊት ይኖራል፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ ይኖራል፣ ነገሩ የሚደርስባቸው ሰዎች ይኖራሉ። ይህን ሁሉ የሚያወራ ድምፅም አለ። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት እነዚህ አላባውያን ይባላሉ፤ ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ጭብጥና አንጻር። አብዛኞቻችን ትርጉማቸውን ሸምድደን ፈተና ላይ ጽፈናል። እኔ ግን አንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሲሠሩ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከመቼት እንጀምር፤ አንባቢ ቶሎ የሚያልፈው እሱን ነውና። ታሪኩ የሚፈጸመው ጎጃም ውስጥ ነው፣ ጉልተኛና ገባር በነበረበት ዘመን። የመኳንንት ቤት አለ፣ የገበሬ ጎጆ አለ፣ ዲማን የመሰለ ትልቅ የቤተ ክህነት ትምህርት ቦታ አለ። ይህን ቦታና ዘመን አውጡት፣ መጽሐፉ ይፈርሳል። ሰው በዘሩ የሚመዘነው እዚያ ነው። ልጅ ለስለት የሚሰጠውም እዚያ ነው። መቼቱ ግጭቱን ወልዶታል።

የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች ከመኳንንት ወገን አይደሉም። እሱን በስለት ለእግዚአብሔር ሰጡት። ስለዚህ የመኳንንት ልጅ የሆነችውን ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ጠቡ ከአባቷ ጋር ብቻ አይደለም። ከራሱ ጋርም ነው። የእናቱ ስለት ውስጡ ተቀምጦ ይሞግተዋል። በመማሪያ መጻሕፍት «ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ግጭት» የሚባለው ይኸው ነው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በበኩላቸው ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ባል የጠየቃትን ሁሉ ይመልሳሉ። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት ይነሡባቸዋል። ሦስት ዓይነት ግጭት በአንድ ቤት ዙሪያ!

ጉዱ ካሳን ሳያነሱ ስለ ገጸ ባሕርይ መናገር አይቻልም። አገሩ እብድ ይለዋል። አንባቢ ግን ከሁሉም በላይ ጤነኛው እሱ መሆኑን ቀስ እያለ ያውቃል። ምጸት፣ ማለትም ከላይ የሚባለውና እውነቱ ሲቃረኑ፣ በአንድ ሰው ተመስሎ ሲቆም እንዲህ ነው። የተረት ገጸ ባሕርያት እንዲህ አይደሉም፤ ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም ነው፣ ጦጣም ሁልጊዜ ብልጥ ናት። ለተረት ይበቃል። ልቦለድ ግን የሚያስገርመን ሰው ይፈልጋል።

ሴራ የድርጊቶች ተራ ዝርዝር አይደለም። አንዱ ሌላውን ሲያመጣ ነው ሴራ የሚባለው። ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ማውራት ምልሰት ነው፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ጠቆም ማድረግ ንግር። እዚህ መጽሐፍ ላይ ንግሩ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። መቃብር እንዳለ ገና ሳንከፍተው እናውቃለን። ሆኖም ልባችን ተንጠልጥሎ ነው የምናነበው፤ የሚያስጨንቀን «እንዴት እዚያ ይደርሳሉ?» የሚለው ነው።

ጭብጡ ፍቅር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አልስማማም። ፍቅሩ ታሪኩ ነው። ጭብጡ ሰውን በዘር የሚያበላልጥ ሥርዓት የሚያደርሰው ጥፋት ነው።

ዘይቤን በተመለከተ፣ ቤታችን ውስጥ ሞልቷል። «ፀሐይ ገባች» ስንል ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ እንደ ሰው ቤቷ አስገባናት። «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ግነት ነው። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ እናቱ «እሰይ፣ ደግ አደረግህ!» ስትለው ምጸት ነው። «እንደ አንበሳ ነው» ተነጻጻሪ ዘይቤ ሲሆን «አንበሳ ነው» ደግሞ ተለዋጭ ነው።

ከሁሉ የሚጠልቀው ግን ሰምና ወርቅ ነው። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ያሉ የቅኔ ቤቶች የሚታወቁበት ጥበብ ነው። አንድ የቆየ የፍቅር ግጥም ስለ አዳምና ስለ ዕፀ በለስ ይጀምርና መድኃኔ ዓለምን ጠርቶ «ልቤ ተሰቀለልሽ» ይላል። ሰሙ ስቅለቱ ነው። ወርቁ የአፍቃሪው ልብ መንጠልጠል ነው። ሁለቱን የተሸከመው «ተሰቀለ» ኅብረ ቃል ይባላል። ሐዲስ ዓለማየሁም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ስላደጉ የሊቃውንቱን አነጋገር በደንብ ያውቁታል።

አንጻር የሚባለው ታሪኩን ማን እያየ እንደሚነግረን ነው። «እኔ» ብሎ የሚያወራ ተራኪ ያላየውን ሊነግረን አይችልም። እዚህ ያለው ግን ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው፤ የፊታውራሪውን ኩራትም የበዛብህን ጭንቀትም ከውስጥ ያሳየናል። መጽሐፉ በሬዲዮ ሲተረክ ይህ በጣም ጠቅሟል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ተራኪውን በአንድ ድምፅ ይዞ ለገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። መጽሐፉን ገልጠው ሳያዩ ጉዱ ካሳን በንግግሩ የሚያውቁት ብዙ ሰዎች በዚያ ትረካ ያገኙት ናቸው።