«ዲስታንት» ምንድን ነው? የአገርና የልብ ርቀት በእንግሊዝኛ

በአገራችን «ዲስታንስ» ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ትምህርትን ነው። «በዲስታንስ እየተማረ ነው» ካሉን፣ ተማሪው ሞጁሉን ተቀብሎ በቤቱ እንደሚያጠናና ለፈተና ብቅ እንደሚል ወዲያው እንረዳለን። የዚሁ ቃል ቅጽል የሆነው «ዲስታንት» ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከመምህርቷ «ሂ ሲምስ ዲስታንት ሌትሊ» የሚል መልእክት ቢደርሰውና ቃሉን «ሩቅ» ብሎ ቢተረጉመው፣ ልጁ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ይሆን ብሎ ሊያስብ ይችላል። መምህርቷ የምትናገረው ግን ስለ መቀመጫ አይደለም፤ ልጁ በጓደኞቹ መሀል ተቀምጦም ቢሆን ሰሞኑን ልቡ ከእነርሱ ጋር እንዳልሆነ መግለጿ ነው።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ «ዲስ» መለያየትን፣ «ስታሬ» ደግሞ መቆምን ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ጥሬ ትርጉሙ «ተነጣጥሎ መቆም» ነው። በዚህ ውስጥ ማን ከማን እንደሸሸ፣ ለምን እንደሸሸ፣ ቀድሞስ ቅርብ ነበሩ ወይ የሚለው አይታይም። «ዲስታንት» ክፍተቱን ብቻ አሳይቶ ምክንያቱን ሳይናገር የሚያልፍ ቃል መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሌሎቹ የርቀት ቃላት ሁሉ የሚለይበት ጠባዩ ነው።

በመጀመሪያ ከመሬቱ ርቀት እንነሣ፤ አማርኛ ተናጋሪ ዘወትር የሚሰናከልበት ስፍራ እዚህ አለና። እኛ «አዳማ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል» ስለምንል፣ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር «ኤ ሀንድረድ ኪሎሜተርስ ፋር» ማለት ይቀናናል። እንግሊዝኛ ግን ልኬት ከተጠቀሰ በኋላ «ፋር»ን አይቀበልም፤ የሚለው «ኤ ሀንድረድ ኪሎሜተርስ አዌይ» ነው። «ፋር» ብቻውን ሲቆም ደግሞ ይበልጥ የሚስማማው ለጥያቄና ለአሉታ ነው፦ «ኢዝ ኢት ፋር?» «ኖ፣ ኢት ኢዝንት ፋር።» መልሱ «አዎ» ከሆነ ግን በንግግር ላይ የሚዘወተረው «ኢትስ ኤ ሎንግ ዌይ» የሚለው ነው። «ዲስታንት» ስለ ቦታ ሲነገር ከእነዚህ ይልቅ የጽሑፍ ቃና ያለው ቃል ነው፤ ለሩቅ ተራራ፣ ለሩቅ ኮከብ፣ ከሩቅ ለሚሰማ ነጎድጓድ ይስማማል፤ የታክሲ መንገድ ለመጠየቅ ግን አይሆንም።

ከቴሌቪዥን መቆጣጠሪያው የተነሣ ቤተኛ የሆነው «ሪሞት» ደግሞ ርቆ የተገለለን ስፍራ ይገልጻል። መንገድ የማይደርስበት የገጠር ቀበሌ «ሪሞት» ይባላል። ምንጩ በላቲን «ወደ ኋላ መግፋት፣ ማራቅ» ከሚል ግስ ነው፤ ያው ግስ በእንግሊዝኛ የዝምድና ቆጠራ ውስጥም ይገኛል። የአባቴ የአጎት ልጅ ለእኔ «ፈርስት ካዝን ወንስ ሪሙቭድ» ናት፤ በአንድ ትውልድ የራቀች ማለት ነው። ለጋብቻ ሲባል ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር ለኖረ ሰው ይህ አቆጣጠር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ምንም እንኳ እንግሊዞቹ ራሳቸው አዘውትረው ቢሳሳቱበትም። ቆጠራው ሲያዳግታቸው «ዲስታንት ካዝን» ብለው ይገላገላሉ፤ የእኛው «የሩቅ ዘመድ» መሆኑ ነው። ጓደኛ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ይለያያል፤ «የቅርብ ጓደኛ» ሁልጊዜ «ክሎስ ፍሬንድ» እንጂ «ኒር ፍሬንድ» አይባልም። ይህ ቅጽል በ«ስ» ድምፅ እንደሚያልቅና በሩን የምንዘጋበት ግስ «ክሎዝ» በ«ዝ» እንደሚነገርም ልብ ማለት ይጠቅማል።

ወደ ስሜት ስንመጣ መስተዋድዱ ራሱ ትርጉም ይለውጣል። «ሺ ኢዝ ዲስታንት ዊዝ ሚ» ያለ ሰው የሚናገረው ስለ እርሷ አኳኋን ነው፤ አነጋገሯ አጠረ፣ ሳቋ ቀነሰ፣ ወይም እኛ እንደምንለው ቀዘቀዘችብኝ ነው። «አይ ፊል ዲስታንት ፍሮም ሀር» ሲል ግን ስለ ራሱ ልብ እየመሰከረ ነው፤ እርሷ እንደ ቀድሞዋ ሆና እርሱ ርቆ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ስሜት ጎረቤት የሆኑት ቃላት ግን «ዲስታንት» ዝም ያለውን ምክንያት ይናገራሉ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ «አሉፍ» ነው። ይህ የመርከበኞች ቃል የነበረ ሲሆን፣ ምንጩም ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ከሚያመለክት የደች ቃል ነው፤ መርከቢቱ በነፋስ ተገፍታ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር እንዳትላተም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ከዳርቻው አርቋት የሚል ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ «አሉፍ» የተባለ ሰው ርቀቱን መርጦ፣ መሪውን ይዞ የቆመ ሰው ነው፤ ሰሚውም ጥቂት ኩራት ያሸትበታል። «ሪዘርቭድ» ከዚህ የለዘበ ነው። በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ የምናውቀው ይኸው ቃል ለሰው ሲነገር «ቁጥብ» ከሚለው ቃላችን ጋር ይገጥማል፤ ነቀፋም የለበትም። «ዲታችድ» ደግሞ እንደ አገባቡ ነው፤ ለዳኛ ወይም ለሐኪም ሲነገር በስሜት አለመወሰድን የሚያመሰግን ሲሆን፣ ለአባት ሲነገር ግን ከባድ ክስ ይሆናል።

በትርጉም ሥራ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው «ኢስትሬንጅድ» ላይ ይመስለኛል። ሥሩ በላቲን «የውጭ፣ ባዳ» ማለት ነው፤ የሚነገረውም ቀድሞ ቅርብ ለነበሩና ኋላ ለተቆራረጡ ሰዎች ብቻ ነው። እኛ «ሆድና ጀርባ ሆኑ» የምንለው ለዚህ እጅግ የቀረበ ነው። ጋዜጣ «ሂዝ ኢስትሬንጅድ ዋይፍ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሚስቱ ተለይታው እየኖረች በሕግ ግን ገና እንዳልተፋቱ ያመለክታል፤ «የቀድሞ ሚስቱ» ተብሎ ከተተረጎመ ያልተፈጸመ ፍቺ ተዘገበ ማለት ነው።

የመሬቱና የልቡ ርቀት በአንድ ሐረግ ውስጥ ሲደባለቁ ምን እንደሚፈጠር የኮሮና ወቅት አሳይቷል። «ሶሻል ዲስታንስ» ከዚያ አስቀድሞ ሁለት የማይገናኙ ትርጉሞች ነበሩት። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሞሪ ቦጋርደስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው መለኪያ፣ ሰዎች የሌላ ወገን ሰውን በጋብቻ ዘመድ፣ በጓደኝነት ወይም በጉርብትና ይቀበሉ እንደሆነ የሚጠየቁበት የመናናቅና የመቀራረብ ልክ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በርዝመት ለክቶት፣ ለሥራ የተገናኙ ሰዎች ተራርቀው የሚቆሙበትን ከ1.2 እስከ 3.6 ሜትር ያለውን ክልል በዚሁ ስም ጠርቶታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት «ፊዚካል ዲስታንስ» ማለትን እንደሚመርጥ ያስታወቀው፣ ሰዎች በአካል ተራርቀው በልብ እንዲቀራረቡ ስለፈለገ ነበር። በአማርኛም «አካላዊ ርቀት» የሚለው አነጋገር በሰፊው የተለመደው በዚያው ሰሞን ነው።

የመምህርቷ መልእክት የደረሰው ወላጅ እንግዲህ «ዲስታንት» ከሚለው ቃል ስለ ምክንያቱ ምንም አያገኝም፤ ሊይዘው የሚችለው «ሌትሊ» የሚለውን፣ ማለትም ነገሩ የሰሞኑ መሆኑን ነው። «ከመቼ ጀምሮ? ከማን ጋር?» ብሎ ቢጠይቃት፣ መልሷ ላይ ቃሉ ራሱ ይለወጥ ይሆናል። «ዊዝድሮን» ካለች ልጁ ወደ ራሱ መሰብሰቡን፣ ቀድሞ ይገኝበት ከነበረው ጨዋታ መውጣቱን ትነግረዋለች፤ «ሻይ» ካለች ግን ዓይን አፋር ነው ማለቷ ነው፤ ይህንንማ ወላጁ ከእርሷ በፊት ያውቀዋል።