«በአንድ ምት ከተነሳ ጤነኛ ነው»፦ ስለ አሮጌ ሞተር ኮምፕረሽን የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ወዳጄ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ብሎ ከጎንደር አዘዞ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሻጩ በአንድ ምት አስነሳው። ደላላው ቀበል አድርጎ «አያችሁ? ሞተሩ አልተከፈተም፣ አልተነካም» አለ። እኔ ከማስነሳቱ በፊት እጄን ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቼ ነበር። ይጋረፋል። እኛ ሳንደርስ ሲያሞቁት ቆይተዋል።

(ለመግባባት ያህል፦ እኛ ሳይክሉንም ሞተር፣ ሆዱ ውስጥ ያለውንም ሞተር እንላለን። እዚህ «ሞተር» ስል ሆዱን ነው።)

የኮምፕረሽን ነገር ቀላል ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚኑን ይጨምቃል። የተጨመቀው በፋሻው (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች)፣ በቫልቮቹ (በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማውጫው መዝጊያዎች) ወይም በቴስታታው (በሲሊንደሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በማሸጊያው፣ በኩል ካመለጠ ጉልበት የለም። ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ይፈታል፣ በቀዳዳው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይገባል፣ ማስነሻው በእግር ይመታል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ችግሩ ያለው በዙሪያው የሚወራው ላይ ነው።

«በአንድ ምት ከተነሳ ጤነኛ ነው»

የሞቀ ሞተር ይሸነግላል። ብረቱ ሰፍቶ፣ ዘይቱ ተዳርሶ ስለሚቆይ የደከመውም ይነሳል። ስለዚህ ለሻጩ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ጎንደር ጠዋት ላይ ብርድ አለ፤ ያ ብርድ ለገዢ ጥሩ መርማሪ ነው። በጌጅ ስትለኩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ ነው የሚወሰደው። አነሳሱን በቀዝቃዛው፣ ቁጥሩን በሙቁ።

«ጣት ይበቃል»

አውራ ጣትን ቀዳዳው ላይ ደፍኖ መምታት የቆየ ዘዴ ነው። ኮምፕረሽን አለ ወይስ የለም የሚለውን ይነግራል። 80 ይሁን 120 ፒኤስአይ (ጌጁ ግፊትን የሚቆጥርበት መለኪያ) ግን ጣት አያውቅም።

«150 ካላነበበ አልቆለታል»

ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚከፈተው በዚህ አባባል ነው። ለሁሉም ሞተር የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ትክክለኛው የሚገኘው በአምራቹ መመሪያ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ጎንደር ላይ እንዳለ አይሠራም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው ካነሰ የሚጨምቀውም ያንሳል። በባሕር ጠለል 150 ፒኤስአይ የሚሰጥ ሞተር እዚህ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀንሶ 120 አካባቢ ቢያነብ ምንም አልሆነም። ያንኑ ሞተር ወደ ቆላው መተማ አውርዳችሁ ብትለኩት ቁጥሩ ያድጋል። የተጠገነ ነገር የለም፤ ወፍራም አየር አገኘ እንጂ።

ከከፍታው በላይ ግን የሚያሳስተው አለካኩ ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መያዝ አለበት። ጋዝ ዘግቶ የሚመታ መካኒክ አየሩን በር ላይ አስቀርቶ «ኮምፕረሽን የለም» ይላል። መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ማጥፊያውን ዝጉ። ካንዴላውን ከገመዱ ሳትነቅሉ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አነካኩት፤ አለበለዚያ የእሳት ማመንጫውን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።

ሌላው ጌጁ ራሱ ነው። 100 ሲሲ ሆኖ 9 ለ 1 የሚጨምቅ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ክፍተት 12.5 ሲሲ ብቻ ነው። የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። አየሩን እንዳይመለስ የሚይዘው ትንሹ ቫልቭ ከጎማው ቱቦ ጫፍ ሳይሆን ቁጥሩ ከሚነበብበት ሰዓት ሥር ከሆነ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ይደመራል። 3 ሲሲ ብቻ ቢጨምር 9 ለ 1 የነበረው ወደ 7.5 ለ 1 ይወርዳል። ለመኪና የተሠራ ባለ ረጅም ቱቦ ጌጅ ትንሽ ሞተርን የሚያማው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ሞተሮች ለማስነሳት እንዲቀል ጭመቃውን በራሳቸው የሚያስተነፍሱበት ዘዴ አላቸው። እነሱ ጤነኛ ሆነውም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ።

«በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ከመመሪያው እጅግ የበለጠ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የካርቦን ክምር ነው። ጥላሸቱ ክፍተቱን ያጠበዋል። ዳገት ላይ «ቅጭቅጭ» የሚል ድምፅ ካለበት ደስ አይበላችሁ።

«ኮምፕረሽን ከወረደ ፋሻ ነው»

በዚህኛው እኔም ተሸውጃለሁ። 100 ሲሲዬ ደከመችብኝ። ከፒያሳ ወደ ማራኪ እንኳ ስታቃስት ነው የምትደርሰው። ተለካች፤ 85። መካኒኩ ሳያቅማማ «ፋሻ ጨርሷል፣ ሲሊንደሩም ሬቲፊካ (ውስጡን በማሽን መፋቅ) ይገባል» አለኝ። ብሩን ልፈልግ ስል አንድ ሌላ ባለሙያ አስቆመኝ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨመረ፤ ሁለት ሦስቴ መታና እንደገና ለካ። 87። «ፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖት ቁጥሩ ይዘል ነበር» አለኝ። አልዘለለም።

ቀጥሎ ፒስተኑን ጭመቃው ጫፍ ላይ አቆመው። ሳይክሉን ትልቁ ማርሽ ላይ አድርጎ እኔን ፍሬን አስያዘኝ፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ኋላ ጎማውን እንዳያዞር። ከዚያ በቀዳዳው የኮምፕረሰር አየር ለቀቀበት። «ዝም በልና ስማ» አለኝ። ማርሚታው ጫፍ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ «ስስስ» ይላል። አየሩ በጭስ ማውጫው ቫልቭ እያመለጠ ነው። በካርቡሬተሩ በኩል ቢሆን የማስገቢያው ቫልቭ ነበር። ከዘይት መሙያው ከሆነ ያኔ ፋሻ ይባላል። የሚያመልጠውን በመቶኛ የሚያሳይ መሣሪያም አለ፤ እስከ 10 በመቶ ጤና ነው፣ 20ን ካለፈ ጠጋ ብሎ ማየት ነው።

የቫልቩ ክዳን ሲከፈት፣ በቫልቩና በሚገፋው ምላስ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት ዜሮ ነበር። ብዙ ሰው ቫልቭ ሲያረጅ የሚላላ ይመስለዋል። መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ግን ቫልቩ ወደ ላይ ይገባና ክፍተቱ ይጠባል፤ በመጨረሻ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተሮች የሚፈለገው ክፍተት በ0.05 እና በ0.10 ሚሊ ሜትር መካከል ነው። አስተካከለው። 85 የነበረው 115 ሆነ። የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ቫልቩ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ማስተካከል ብቻውን አያድነውም ነበር፤ ቀድሜ ደርሼ ነው።

«ካጨሰ ፋሻ ነው»

ጭሱን በቀለሙና በሰዓቱ ለዩት። ጠዋት ነጭ ሆኖ ቶሎ የሚጠፋው እንፋሎት ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይ ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ወይ ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር እንደተስተካከለ ደጋ ወጥቷል። ሰማያዊው ዘይት ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ጎሃ ዳገት ላይ ስትወጡ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻውን ጠርጥሩ። ጋዝ ዘግታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ዝም ብሎ፣ ታች ደርሳችሁ ጋዝ ስትሰጡት ቡፍ የሚል ከሆነ ግን የቫልቭ ጎማ (ዘይቱ በቫልቩ ዘንግ እንዳይገባ የሚያግደው) ነው።

«ወፍራም ዘይት ያድነዋል»

አያድነውም፤ ይሸፍነዋል። ለመሸጥ ያህል።

«ኮምፕረሽኑ ጥሩ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ»

ወደ አዘዞው ልመለስ። ሞተሩ እንደሞቀ ጌጁን አስገባን፣ ጋዙን ከፍተን መታን፤ 118። ደላላው ፊቱ በራ፤ ወዳጄም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አስነሱት አልኩና ረጅም ካቻቢቴ አምጥቼ ጫፉን ከሞተሩ ታችኛው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ጋዝ ሲሰጠው ከሥር «ኳ ኳ ኳ»። ቢዬላ፣ ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ። ጌጅ የሚያየው ከፒስተኑ በላይ ያለውን ነው፤ ከሥር ያለው ኩሽኔታ (ቢዬላው የሚዞርበት) አይመለከተውም። ካቻቢቴውን ለወዳጄ ሰጠሁት። ሰማ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ሰማ።

እስካሁን በባጃጅ ነው የሚመላለሰው።