የጩኸት ዶዝ ምንድን ነው? በከሰል ማዕድን ሠራተኛ ትከሻ ላይ የሚለካው

ከሰል ቆፋሪው ማሽን አጠገብ 100 ዴሲቤል ተለካ እንበል። ይህ ቁጥር ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ሠራተኛው ገና ምንም አልነገረንም። ኦፕሬተሩ እዚያ የሚቆመው 20 ደቂቃ ነው ወይስ 5 ሰዓት? ጆሮን የሚጎዳው የጩኸቱ ብርታትና የቆይታው ርዝመት አንድ ላይ ነው። ሁለቱ ተሰልተው ለአንድ ቀን ከተፈቀደው ልክ በመቶኛ ሲገለጹ የጩኸት ዶዝ ይባላሉ። 100 በመቶ ማለት የዚያ ቀን ድርሻ አለቀ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ የጩኸት ደረጃ ያሳለፉትን ሰዓት በዚያ ደረጃ ለተፈቀደው ሰዓት ማካፈል፣ ውጤቶቹን መደመር፣ በ100 ማባዛት። ችግሩ "የተፈቀደው ሰዓት" ስንት ነው የሚለው ላይ ነው። በአሜሪካ የማዕድን ደህንነት ደንብ 90 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ጩኸቱ 5 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 95 ለ4 ሰዓት፣ 100 ለ2 ሰዓት ይሆናል። የዚያው አገር የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ ደግሞ ከ85 ይነሳና በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ሠራተኛ 2 ሰዓት በ100፣ 4 ሰዓት በ90፣ 2 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ቢውል፣ ከ90 በታች ያለውን በማይቆጥረው የአሜሪካ ደንብ ዶዙ 150 በመቶ ነው። በናዮሽ ስሌት ግን ወደ 967 በመቶ ይደርሳል። ሰውየውም ቀኑም አልተለወጡም። የመለኪያ መሣሪያውን አሠራር ሳይጠቅስ "ዶዙ ይህን ያህል ነው" የሚል ሪፖርት ሊታመን የማይገባው ለዚህ ነው፤ የመነሻው ደረጃ፣ በስንት ዴሲቤል ሰዓቱ እንደሚጋመስና ከስንት ዴሲቤል በታች ያለው እንደማይቆጠር አብረው መጻፍ አለባቸው።

መለኪያው ዶዚሜትር ይባላል፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ለብሶት የሚውል ትንሽ መሣሪያ ነው። ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ሊኖር በሚችልበት ከመሬት በታች፣ ብልጭታ እንደማያስነሳ ተፈትኖ ለማዕድን የጸደቀ ብቻ ይገባል። በዚህ ላይ ድርድር የለም። መሣሪያው ላይ "ኤ" የሚባለው ማመዛዘኛ (ድምፁን የሰው ጆሮ በሚሰማው ልክ የሚመዝነው) እና ዘገምተኛው ምላሽ (ንባቡ ቶሎ ቶሎ እንዳይዋዥቅ የሚያደርገው) መመረጣቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ ቋሚ ድምፅ በሚሰጥ ማረጋገጫ (ብዙ ጊዜ በ1000 ኸርዝ 94 ወይም 114 ዴሲቤል) ይፈተሻል። ፈረቃው ሲያበቃም ያው ፍተሻ ይደገማል። በዓለም አቀፉ መስፈርት ኢሶ 9612 መሠረት የሁለቱ ንባብ ልዩነት ከ0.5 ዴሲቤል ከበለጠ የቀኑ ልኬት ይጣላል። ያሳዝናል፤ ግን የተበላሸ ቁጥር ከመያዝ ሌላ ቀን እንደገና መውረድ ይሻላል።

ማይክሮፎኑ ትከሻ ላይ፣ ጩኸቱ በሚበዛበት ጆሮ በኩል፣ ከጆሮ ቀዳዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሰካል። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ካፖርት ወይም የመሣሪያ ማንገቻ ከሸፈነው ንባቡ ይወርዳል። የራስ መብራቱ ገመድ ሲታከከው ወይም ሠራተኛው ሲነካው የሌለ ጩኸት ይመዘገባል። የአየር ማስገቢያው ነፋስም እንዲሁ ያታልላል፤ ስለዚህ የስፖንጅ መከላከያው አይወለቅ፣ አቧራ ለማፈን በሚረጨው ውሃ ከራሰም በደረቅ ይተካ።

ልኬቱ ሙሉውን ፈረቃ ይሸፍናል። ጉዞው፣ የምሳ ሰዓቱ፣ ማሽን ተበላሽቶ የተጠበቀበት ጊዜ ሁሉ ይገባል። ከፈረቃው ግማሹን ለክቶ በ2 ማባዛት አደገኛ ነው፤ ከሰል የሚቆረጥበት ሰዓት እኩል የተከፋፈለ አይደለም። የ12 ሰዓት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ 90 ዴሲቤል ለሙሉ ቀን አይፈቀድም፤ ከ90 በታች ያለውም ከተቆጠረ፣ በ5 ዴሲቤሉ ስሌት 100 በመቶ የሚሞላው 87 አካባቢ ላይ ነው። ምርት የቆመበትን ቀን መርጦ መለካትም ሠራተኛውን መበደል ነው።

በአሜሪካው ደንብ 50 በመቶ ዶዝ፣ ማለትም የ8 ሰዓት አማካይ 85 ዴሲቤል፣ ሠራተኛውን በመስሚያ ጥበቃ ፕሮግራም ውስጥ ያስገባዋል፤ ይህ ዶዝ ሲሰላ ግን ከ80 ዴሲቤል ጀምሮ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ከ100 በመቶ ካለፈ አሠሪው በምህንድስናና በአሠራር ለውጥ ጩኸቱን መቀነስ ይጠበቅበታል። የጆሮ መድፈኛ ተደርጓል ተብሎ ከዶዙ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም።

ዶዙ ብቻውን የጩኸቱን ምንጭ አያሳይም። ስለዚህ ሥራውን የሚከታተል አንድ ሰው፣ ሠራተኛው በየሰዓቱና በየደቂቃው ምን እየሠራ እንደነበር፣ የትኛው ማሽን እየዞረ እንደነበርና የት እንደቆመ በማስታወሻ ይይዛል፤ ሰዓቱም ከመሣሪያው ሰዓት ጋር አስቀድሞ ይገጣጠማል። ማስታወሻውና መሣሪያው በየጊዜው የመዘገበው ጩኸት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዶዙን የሞላው ይለያል፦ የማዕድኑን ጣሪያ በቦልት ለማሰር የሚቦረቡረው ማሽን፣ የአየር ማራገቢያው፣ ወይም የቆፋሪው ማሽን ማጓጓዣ ሰንሰለት። ሰንሰለቱ ከሆነ ጩኸቱ የሚወጣው በላዩ ያሉት የብረት ዘንጎች ከማጓጓዣው ወለል ብረት ጋር ሲጋጩ ነው፤ ዘንጎቹን ግጭት በሚያለዝብ ጠንካራ ፕላስቲክ መሸፈን ከታወቁት መፍትሔዎች አንዱ ነው። ከተሸፈኑ በኋላ ያው ሠራተኛ፣ በያው ሥራ፣ በያው የመሣሪያ አሠራር እንደገና ይለካል።