የሰዓታት መጽሐፍ ምንድን ነው? መነኩሴውስ የቱ ጋ ነው ያለው?

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ከገጽ ወደ ገጽ ይዞራል። በወርቅ የተንቆጠቆጠ ብራና ነው፤ ጠርዙ በሐረግ የተሞላ፣ መሀሉ ላይ ሥዕል ያለበት። ከሥሩ «መነኮሳት ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት የ500 ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ» ይላል። ከዚህ ውስጥ ትክክሉ ዓመቱ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን የስፎርዛ የሰዓታት መጽሐፍ የሚባለው ነው።

የሰዓታት መጽሐፍ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሥር የነበረ ምእመን ቤቱ ሆኖ የሚጸልይበት ነው። ዋናው ክፍል በስምንት ጊዜያት የተከፈለ የማርያም ጸሎት ነው። የበዓላት ቀን መቁጠሪያ፣ ሰባቱ የንስሐ መዝሙራትና የሙታን ጸሎት ይጨመሩበታል። «ያው የእኛ ሰዓታት ነዋ!» ብሎ የሚከራከረኝ አልጠፋም። አይደለም ወዳጄ። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሰዓታት ካህናት ቤተ ክርስቲያን ቆመው የሚያደርሱት ነው። ይሄኛው የግል ንብረት ነው፤ ለሴት ልጅ በሰርጓ ይሰጣል፣ ለልጅ ይወረሳል።

የሚያናድደኝ ግን የመነኮሳቱ ነገር ነው። በቀደሙት ዘመናት ገዳማት ብዙ መጽሐፍ ጽፈዋል፣ እሱን አልክድም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ሥራው ወደ ከተማ ወርክሾፖች ገብቷል፤ ፓሪስ፣ ብሩዥ፣ ሚላን። ደንበኛ ያዝዛል፣ ይከፍላል። ነገሩን እንደ ኮንዶሚኒየም እዩት። ፕላኑ የሁሉም ያው ነው፤ ልዩነቱ ፊኒሺንግ ላይ ነው። ድሃው ነጋዴ ባዶውን ግድግዳ ይረከባል፣ ማለትም ጽሑፉንና ሁለት ሦስት ሥዕል። ባለጸጋው ደግሞ ከአፍጋኒስታን በመጣ ሰማያዊ ድንጋይ ያስቀባል፣ በወርቅ ያስለብጣል። ቁም ጸሐፊው ሌላ፣ ወርቅ ለባጩ ሌላ፣ ጠርዙን የሚስለው ሌላ። (ወርቁ ከቀለም በፊት ነው የሚለጠፈው። ቀለም ከቀደመ ወርቁ ሲወለወል ቀለሙ ይላጣል። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።) ፊኒሺንጉን ሳይጨርስ ቤቱን ለሌላ ያስተላለፈም አለ።

እዚህ ላይ ነው የስፎርዛ የሰዓታት መጽሐፍ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ የሚላኑ መስፍን የጋሌያሶ ማሪያ ስፎርዛ መበለት፣ የሳቮይዋ ቦና፣ አሠራችው። ሰዓሊው ጆቫን ፒየትሮ ቢራጎ ነው። ገጹ 13 ሴንቲ ሜትር በ9 ገደማ ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚጸለይበት እንጂ አትሮንስ ላይ የሚዘረጋ አይደለም።

ሥራው ሳያልቅ ከፊሉ ተሰረቀ። ቢራጎ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ የተወሰደበት ከ500 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) በላይ እንደሚያወጣ ይናገራል። ሌባውንም በስም ይጠራዋል፤ ፍራ ጃን ጃኮፖ። «ፍራ» ማለት የካቶሊክ ማኅበር ወንድም ነው። ስለዚህ መነኩሴ ካላችሁ አይቀር፣ በዚህ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ ለመነኩሴ የሚቀርበው ሰውዬ ሌባው ነው። ቢራጎ ቄስ ነበር፣ ይህን ለተከራካሪዬ እሰጠዋለሁ። ቢሆንም ገዳም ተቀምጦ አልሳለም፤ በክፍያ ለቤተ መንግሥት የሚሠራ ባለሙያ ነበር።

ጎደሎው መጽሐፍ ከቦና ወደ ወንድሟ ልጅ ወደ ዳግማዊ ፊሊበርት፣ ከእሱም ወደ ሚስቱ ወደ ኦስትሪያዋ ማርጋሬት አለፈ። ማርጋሬት የኔዘርላንድስ እንደራሴ ሆና ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው ሜኸለን ከተማ ተቀምጣ ነበር። ግማሽ ፊኒሺንግ ያለው ቤት ወርሳ እንዲሁ አልተወችውም። የጎደለውን ጽሑፍ በሌላ ጸሐፊ አስገለበጠች፣ ለሰዓሊው ለሄራርድ ሆረንባውት ደግሞ 16 አዳዲስ ሥዕሎች አዘዘች። አንዱ ገጽ ላይ የወንድሟ ልጅ የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ ምስል አለ፤ 1520 የሚል ዓመትም ተጽፎበታል። ቢራጎ ሥራውን ከጀመረ 30 ዓመት ገደማ አልፎት ማለት ነው።

መጽሐፉ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ከተሰረቁት ገጾች አንዱ፣ የሰብአ ሰገል ስግደት የተሳለበት፣ እዚያው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እና «ሰዓሊው ማነው?» ስትሉኝ መልሴ «የቱ ገጽ?» ነው። ፎቶ የምትለጥፉ ሰዎች የገጹን ቁጥር ጨምሩበት። በአካላቸው የገዘፉ፣ ደማቅ የሚላን ሰዎች ካያችሁ ቢራጎ ነው። ጸጥ ያለ የፍላንደርስ (የዛሬዋ ሰሜን ቤልጂየም) መልክዓ ምድር ካያችሁ ደግሞ ሆረንባውት።