ተዛማጅ መብት ምንድን ነው?

ተዛማጅ መብት ማለት የፈጠራ ሥራን ራሳቸው ባይፈጥሩትም ወደ ሕዝብ ጆሮና ዓይን ለሚያደርሱ ወገኖች፣ ማለትም ለከዋኞች (ሥራውን ለሚጫወቱ እንደ ድምፃዊና ተዋናይ ላሉ)፣ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮችና ለብሮድካስቲንግ ድርጅቶች በሕግ የሚሰጥ ጥበቃ ነው። በአገራችን የሚደነገገው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ከቅጂ መብት የሚለይበትን ለማየት አንድ ዘፈን መውሰድ ይበቃል። ግጥሙን የጻፈውና ዜማውን የደረሰው የቅጂ መብት ባለቤቶች ሲሆኑ፣ ኢኮኖሚያዊ መብታቸው፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብታቸው፣ በሕይወት ዘመናቸውና ካረፉ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል። ድምፃዊውና ቀረጻውን ያሠራው ፕሮዲውሰር ግን ያላቸው ተዛማጅ መብት ነው፤ የእነሱም 50 ዓመት ይቆያል፣ የብሮድካስቲንግ ድርጅቶች ግን 20 ዓመት ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በካሴት ዘመን ብዙም አይታይም ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘቡ የሚከፋፈለው በእሱ ነው። አንድ ወጣት የቆየ ዘፈን በራሱ ድምፅና በራሱ ባንድ ተጫውቶ ዩቲዩብ ላይ ቢጭን፣ የቀድሞውን ቀረጻ ስላልተጠቀመ የፕሮዲውሰሩን መብት አልነካም፤ እንዲያውም በአዲሱ አጨዋወቱ ላይ የከዋኝነት መብት ያገኛል። የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ፈቃድ ግን የግድ ያስፈልገዋል። ዋናውን ቀረጻ እንዳለ ወስዶ ከሠርግ ቪዲዮ ሥር የሚያስገባ ሰው ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ከደራሲዎቹም ከቀረጻው ባለመብቶችም ነው። በተጫኑ ቪዲዮዎች ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ መኖሩን የሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት፣ ኮንቴንት አይዲም፣ ቀረጻውንና ድርሰቱን ለየብቻ ስለሚመዘግብ፣ በአንድ ቪዲዮ ላይ ሁለት ወገኖች የይገባኛል ጥያቄ ቢያቀርቡ ስሕተት ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ገጣሚዎችና ዜማ ደራሲዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ኮንቴንት አይዲ የሚያውቀው የተመዘገበለትን ብቻ ነው፣ ሥራውን የሚያስመዘግበውም አብዛኛውን ጊዜ ቀረጻውን በእጁ የያዘው ወገን ነው። ሕጉ የኢኮኖሚያዊ መብት ዝውውር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ስለ ካሴት ሽያጭ ብቻ የተጻፈ ውል ግን በኢንተርኔት የማሰራጨትን መብት ለማን እንደተወ ሲጠየቅ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ዛሬ የሚፈረም ውል በኢንተርኔት ማሰራጨትንና የእያንዳንዱን ወገን ድርሻ በስም ጠቅሶ ማስፈር አለበት።

ባለመብቱ ሥራውን የሚጠቀመውን ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሆቴልና ድረ ገጽ ሁሉ በየተራ እየዞረ ሊጠይቅ ስለማይችል፣ ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ (ለሥራው አጠቃቀም የሚከፈል ክፍያ) የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል።